ትንሹ ፕሮቨር ለነዳጅ ቧንቧ ቆጣሪ፦ ፈጣን ነው፣ ግን ቸልታን አይምርም

ነዳጅ በቧንቧ መስመር ከሻጭ ወደ ገዢ ሲያልፍ ዳኛው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው 0.1 በመቶ ቢስት፣ በቀን 100,000 በርሜል በሚያሳልፍ መስመር ላይ በየቀኑ 100 በርሜል ከአንዱ ወገን ጎድሎ ለሌላው ይጨመራል። አንድ በርሜል 158.987 ሊትር ነውና ልዩነቱ ወደ 15,900 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ቆጣሪው ከቦታው ሳይነቀል፣ በሚለካው ነዳጅና በሚሠራበት የፍሰት መጠን መፈተን አለበት። መፈተኛው መሣሪያ ፕሮቨር ይባላል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው «ትንሽ መጠን ፕሮቨር» የሚባለውን፣ በፒስተን የሚሠራውን ዓይነት ነው፤ በተጎታች ላይ ተጭኖ ከጣቢያ ጣቢያ የሚዞረውንም፣ በቋሚነት የሚተከለውንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውስጡ በጥንቃቄ የተሞረደ የብረት ሲሊንደር አለ፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን ይመላለሳል፤ በፒስተኑ መሃል ፖፔት የሚባል ቫልቭ አለ። ፖፔቱ ክፍት ሲሆን ፒስተኑ በሞተርና በሰንሰለት፣ ወይም በሃይድሮሊክ፣ ፍሰቱ ወደሚመጣበት ጫፍ ይሳባል፤ ነዳጁም በመሃሉ ያልፋል። ሲለቀቅ ፖፔቱ ይዘጋል፤ ፒስተኑ ከነዳጁ ጋር እኩል መጓዝ ይጀምራል። ከፒስተኑ ዘንግ ጋር የሚሄድ ትንሽ ምልክት በሁለት የብርሃን ዲቴክተሮች መካከል ያልፋል። በሁለቱ ዲቴክተሮች መካከል የተገፋው መጠን አስቀድሞ በውሃ ተለክቶ የታወቀ ነው። መጨረሻ ላይ ፖፔቱ እንደገና ይከፈታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በመስመሩ ላይ ያለው ፍሰት አይቋረጥም፤ የመሣሪያው ትልቁ ውበትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ ቦታ ቆጣቢነቱ ነው። ባህላዊው የኳስ ፕሮቨር የተጠማዘዘ ረጅም ቧንቧ ነው። ኳሱ ከቧንቧው የውስጥ ስፋት ከ2 እስከ 4 በመቶ በልጦ ተነፍቶ ይገባል፤ በዲቴክተሮቹ መካከልም ቆጣሪው ቢያንስ 10,000 ፐልስ (ለተወሰነ መጠን አንዴ የሚልከው የኤሌክትሪክ ምት) እንዲሰጥ ይጠበቃል። በአንድ ሜትር ኩብ 5,000 ፐልስ ለሚሰጥ ቆጣሪ ይህ ማለት 2 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ትንሹ ፕሮቨር ግን 100 ሊትር ብቻ ገፍቶ፣ 500 ፐልስ ብቻ ተቀብሎ ያንኑ ጥራት እሰጣለሁ ይላል። አንድ ፐልስ ከ500 ውስጥ 0.2 በመቶ ስለሆነ ተራ ቆጠራ እዚህ አይሠራም። መፍትሔው የሁለት ሰዓት ዘዴ ነው፦ አንዱ ሰዓት ከዲቴክተር እስከ ዲቴክተር ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ሌላው ከመጀመሪያው ሙሉ ፐልስ እስከ መጨረሻው ሙሉ ፐልስ ያለውን። የተቆጠረው ሙሉ ፐልስ በመጀመሪያው ጊዜ ተባዝቶ ለሁለተኛው ሲካፈል የፐልሱ ቁራሽ ጭምር ይገኛል።

ዘዴው ግን ፐልሶቹ በእኩል ርቀት ይመጣሉ ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ በዚህ መሣሪያ ላይ ከሚሰማው ቅሬታ ብዙው ከዚያ የሚነሳ ነውና።

ማገናኘትና ማስኬድ

ፕሮቨሩ በተከታታይ ይገጠማል፤ በቆጣሪው ያለፈው ነዳጅ ሁሉ፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀር፣ በፕሮቨሩ ማለፍ አለበት። በመካከላቸው ያለው ዋናው የማዞሪያ ቫልቭ ሁለት ጊዜ የሚዘጋና በመሃሉ የመፈተሻ ቀዳዳ ያለው መሆን ይኖርበታል። ቫልቩን ዘግቶ ቀዳዳውን መክፈት፣ ከዚያም ግፊቱ መውረዱንና የሚንጠባጠብ አለመኖሩን በዓይን ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማፍሰሻዎቹና ሌሎች የጎን መስመሮችም እንዲሁ ይፈተሻሉ። ይህን ዘለው ፒስተኑን የሚያስነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሞግቱት ከቆጣሪው ጋር ሳይሆን ከቫልቫቸው ጋር ነው።

ቀጥሎ ከፍተኛ ቦታ ላይ ካሉት ማስተንፈሻዎች አየሩ ይወጣል። ከዚያ ነዳጁን በፕሮቨሩ ማሳለፍና መጠበቅ፦ ብረቱ የነዳጁን ሙቀት እስኪይዝ፣ የቆጣሪውና የፕሮቨሩ መውጫ ቴርሞሜትሮችም እስኪቀራረቡ ድረስ። በፀሐይ የጋለ ተጎታች ላይ ይህ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ፒስተኑን ጥቂት ጊዜ ያለ መዝገብ ማመላለስ ያፈጥነዋል። የቴርሞሜትር ኪሶቹ ውስጥ ሙቀት አስተላላፊ ፈሳሽ ይኑር፤ ባዶ ኪስ ውስጥ የቆመ ሴንሰር የአካባቢውን አየር ሙቀት ሊያነብ ይችላል።

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የልኬት መመሪያ፣ ምዕራፍ 4፣ በዚህ ሙያ የጋራ ቋንቋ ሆኗል። የተለመደው መስፈርት አምስት ተከታታይ ሩጫዎች (የፈተና ዙሮች) በ0.05 በመቶ ውስጥ እንዲገጥሙ ነው። ይህ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ በ95 በመቶ እምነት አማካዩ ከ±0.027 በመቶ እንዳይርቅ የሚያደርግ ስሌት ነው። ያው ወሰን በሦስት ሩጫ 0.02፣ በአሥር ሩጫ 0.12፣ በሃያ ሩጫ ደግሞ 0.22 በመቶ መበታተንን ይፈቅዳል። በትንሹ ፕሮቨር አንድ ጉዞ ሴኮንዶች ብቻ ስለሚወስድ ብዙ ጉዞዎችን (ለምሳሌ አምስት) በአማካይ አንድ ሩጫ ብሎ መያዝ የተለመደ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ግን የጉዞዎቹ ቁጥር አስቀድሞ ተወስኖ በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ውጤት አልገጥም ሲል ብቻ የጉዞ ቁጥር የሚጨምር ሰው ችግሩን እየሸፈነው ነው።

የሙቀት ጉዳይ በቁጥር

ብዙ ግምገማዎች ስለ ፒስተንና ስለ ዲቴክተር አውርተው ያበቃሉ። በተግባር ግን ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያጠፋው ሙቀት ነው። እፍጋቱ በሜትር ኩብ 850 ኪሎ ግራም የሆነ ድፍድፍ ነዳጅ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.085 በመቶ ይለጠጣል። ግፊት ያን ያህል አያስፈራም፤ 10 ባር ወደ 0.07 በመቶ ገደማ ነው፣ የፕሮቨሩና የቆጣሪው ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተቀራራቢ ነው።

አንድ ስሌት እንሥራ። የፕሮቨሩ መነሻ መጠን በ15 ዲግሪ 100.000 ሊትር ነው። የሩጫው አማካይ 500.85 ፐልስ፣ ቆጣሪው በሜትር ኩብ 5,000 ፐልስ ስለሚሰጥ የቆጠረው 100.170 ሊትር። ፕሮቨሩ ላይ 25.0፣ ቆጣሪው ላይ 25.2 ዲግሪ ተነብቧል፤ ግፊቱ በሁለቱም 20 ባር። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ሲሊንደር በ10 ዲግሪ ልዩነት የክብ አፉ የገጽ ስፋት 1.00035 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ዲቴክተሮቹ የተሰቀሉበት የኢንቫር (በሙቀት እጅግ ጥቂት የሚለጠጥ ቅይጥ ብረት) ዘንግ ደግሞ ምንም አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱ ተባዝተው 1.00036። የውስጥ ዲያሜትሩ 300፣ የግድግዳው ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግፊቱ ሲሊንደሩን በ1.00016 ያሰፋዋል። በቆጣሪውና በፕሮቨሩ መካከል ያለው የ0.2 ዲግሪ ልዩነት በነዳጁ ላይ 1.00017 ይሰጣል። እነዚህ በ100 ሊትር ተባዝተው ለ100.170 ሲካፈሉ ሜትር ፋክተሩ፣ ማለትም የቆጣሪው ንባብ ተባዝቶበት እውነተኛውን መጠን የሚሰጠው ቁጥር፣ 0.9990 ይወጣል።

አሁን ያቺን የ0.2 ዲግሪ ልዩነት እርሷት። ፋክተሩ 0.9988 ይሆናል። በዚያው የ100,000 በርሜል መስመር ላይ በየቀኑ ወደ 20 በርሜል ማለት ነው፤ ተለዋጭ ቴርሞሜትር ባለመያዝ ብቻ። አምስቱም ሩጫዎች በ0.05 በመቶ ውስጥ ገጥመው ሊሆን ይችላል፤ የውጤት መደጋገም የቴርሞሜትርን ቋሚ ስህተት አያጋልጥም።

ሌላው የስሌት ወጥመድ ስሌቱን በሚሠራው መሣሪያ፣ በፍሎው ኮምፒውተሩ፣ ውስጥ ነው። ለኳስ ፕሮቨር የሚያገለግለው ቀመር የብረቱን ሙሉ የመጠን መለጠጥ ይወስዳል። ትንሹ ፕሮቨር ግን ርዝመቱ በኢንቫር ዘንግ የተያዘ ስለሆነ የሲሊንደሩ የስፋት መለጠጥና የዘንጉ የርዝመት መለጠጥ ለየብቻ ይሰላሉ፤ ለዘንጉም የራሱ ቴርሞሜትር አለው። የተሳሳተው ቀመር ከተመረጠ ከላይ ባለው ምሳሌ 1.00036 የነበረው 1.00052 ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሳይታይ የሚኖር ስህተት ነው፤ ማያ ገጹ ላይ ምንም ቀይ መብራት አያበራም።

የት ይበላሻል

የፒስተኑ ሲሎች፣ ማለትም ነዳጅ በጎኑ እንዳያመልጥ የሚያሽጉት ቀለበቶች፣ ያልቃሉ። አሸዋ፣ ዝገት ወይም ሰም ያለው ድፍድፍ ፈጥኖ ያስረጃቸዋል፤ ስለዚህ ከፕሮቨሩ በፊት ማጣሪያ የግድ ነው። ሲል ሲያሳልፍ ነዳጁ ፒስተኑን ሳይገፋ ያመልጣል፤ ቆጣሪው ግን ቆጥሮታል። ስለዚህ ሜትር ፋክተሩ ዝቅ ይላል። የማዞሪያ ቫልቩ ቢያሳልፍም ምልክቱ ያው ዝቅ ማለት ነው። በዝግተኛ ፍሰት ፋክተሩ ይበልጥ ከወረደ ማፍሰስን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የሚያመልጠው መጠን በሰዓት ተመሳሳይ ሆኖ ጉዞው ሲረዝም ድርሻው ይጨምራልና። የቆጣሪው የራሱ ባሕርይም በዝግታ ላይ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከመፍረድ በፊት የአምራቹን የሲል ሙከራ ኪት ማውጣት ይሻላል። ሙከራው ሙቀት በረጋበት ሰዓት ይሠራ፤ ታሽጎ በፀሐይ የሚሞቅ ፈሳሽ ግፊቱን ራሱ ስለሚያንቀሳቅሰው ውጤቱ ያሳስታል።

በናይትሮጅን ግፊት በሚረዱ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የጋኑ ግፊት ከመስመሩ ግፊት ጋር መመጣጠን አለበት። ሲያንስ ፒስተኑ ይጎተታል፤ ሲበዛ ነዳጁን ቀድሞ ሊገፋ ይሞክራል። በሁለቱም የፍሰቱ ልብ ምት ይዛባል፤ ውጤቱም አይደጋገምም። የመስመሩ ግፊት በተቀየረ ቁጥር ማስተካከል የሚረሳ ሥራ ነው። በሞተርና በሰንሰለት የሚሠሩት ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ምርጫ ካለ እነሱ ይመረጣሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የወገን ስህተት ነው። የፒስተኑ ዘንግ በአንድ ወገን ብቻ በሚወጣበት ሞዴል፣ ዘንጉ ያለበት ወገን የዘንጉን ያህል ቦታ ያጣል። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ ሁለት መጠን ይይዛል፦ አንዱ ቆጣሪው ከፕሮቨሩ በፊት ሲሆን፣ ሌላው በኋላ ሲሆን። ዘንጉ 30፣ ሲሊንደሩ 300 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሁለቱ ልዩነት ሙሉ 1 በመቶ ነው። ተጎታች ፕሮቨር አንድ ቀን በዚህ፣ ሌላ ቀን በዚያ ወገን ስለሚገጠም አደጋው እውነተኛ ነው። ደግነቱ 1 በመቶ ስለሚያህል የቀድሞውን ፋክተር በእጁ የያዘ ሰው ወዲያው ይነቃል። በአዲስ ቆጣሪ ላይ ግን የሚያነጻጽረው የለውም።

ዲቴክተር መቀየርም ቀላል ነገር አይደለም። የብርሃን ማያው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ቢዛነፍ መጠኑ ይለወጣል፤ የጉዞው ርዝመት 1 ሜትር ከሆነ 0.1 ሚሊ ሜትር ማለት 0.01 በመቶ ነው። አምራቹ «ሳይለካ ይቀየራል» ቢልም ለርክክብ በሚያገለግል ፕሮቨር ላይ መጠኑ እንደገና በውሃ ቢለካ ይመረጣል።

ለየትኛው ቆጣሪ ይሆናል

ለተርባይን ቆጣሪ (ፍሰቱ ቢላዎቹን ሲያሽከረክር ለሚቆጥረው)፣ ይልቁንም እንደ ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ላሉ ቀጫጭን ምርቶች፣ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። የተርባይን ፐልስ ወጥ ነው፤ ምላሹ ቅጽበታዊ ነው። ብዙ ምርት በየተራ በሚያልፍበት መስመር ላይ ምርቱ በተቀየረ ቁጥር በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ፋክተር ማውጣት ይቻላል፤ የኳስ ፕሮቨር ግን ብዙ የቀድሞ ምርት በሆዱ ይዞ ይቆያል። ተርባይኑ ራሱ ቀጥ ያለ ቧንቧና በቂ የኋላ ግፊት እንደሚፈልግ አይርሱ። የተለመደው ስሌት በቆጣሪው ላይ የሚጠፋው ግፊት ሁለት እጥፍ ሲደመር የነዳጁ የትነት ግፊት 1.25 እጥፍ ነው። ከዚያ ካነሰ ነዳጁ በቢላዎቹ ላይ ይፈላል፤ ቆጣሪው ይፈጥናል፤ ፕሮቨሩን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በመፈናቀል የሚሠሩ ቆጣሪዎች (ነዳጁን መጠናቸው በታወቀ ክፍሎች እየከፈሉ የሚቆጥሩ)፣ በተለይ ፐልሱ ከረጅም የጥርስ ሰንሰለት መጨረሻ የሚወሰድ ከሆነ፣ ችግር አላቸው። ጥርሶቹ በየዙሩ ትንሽ ስለሚፈጥኑና ስለሚዘገዩ ፐልሶቹ በእኩል ርቀት አይመጡም፤ የሁለት ሰዓት ዘዴውም ይሳሳታል። ፐልሱን ከሮተሩ ዘንግ በቅርብ መውሰድ ወይም በአንድ ሩጫ ውስጥ ብዙ ጉዞ መደርደር ይረዳል።

ኮሪዮሊስ ቆጣሪ (በሚንቀጠቀጥ ቱቦ የፍሰቱን ክብደት የሚለካ) ላይ ዋናው ጠላት መዘግየት ነው። በሰዓት 200 ሜትር ኩብ በሚፈስበት መስመር ላይ 100 ሊትሩ በ1.8 ሴኮንድ ያልቃል። የቆጣሪው ኤሌክትሮኒክስ ፍሰቱን በግማሽ ሴኮንድ እያለሰለሰ የሚልክ ከሆነ ፕሮቨሩ የሚቀበለው ፐልስ ያለፈ ወሬ ነው። የማለስለሻው ጊዜ ወደ ዝቅተኛው ይውረድ፤ ፒስተኑም ከመጀመሪያው ዲቴክተር በፊት በቂ መንደርደሪያ ይኑረው። የቆጣሪው ዜሮ ከፈተናው በፊት፣ በሞላ ቧንቧና በተዘጋ ቫልቭ ይረጋገጥ። በክብደት የሚፈተን ከሆነ ደግሞ የእፍጋት መለኪያው ስህተት እንዳለ ወደ ፋክተሩ ይገባል፤ 0.1 በመቶ እዚያ 0.1 በመቶ እዚህ ነው።

አልትራሶኒክ ቆጣሪ (በድምፅ ሞገድ የሚለካ) ላይ ግን ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፦ ትንሹን ፕሮቨር ለዚያ ብለው አይግዙ። አልትራሶኒክ የፍሰቱን ፍጥነት ናሙና እየወሰደ ይለካል፤ ፐልሱን ከስሌት በኋላ ያመርተዋል። የፍሰቱ የተፈጥሮ ነውጥ በአጭር ጉዞ ላይ እንደ መበታተን ይታያል። ቆጣሪው ጤነኛ ሆኖ እያለ አምስት ሩጫ በ0.05 በመቶ አልገጥም ይላል፤ ቴክኒሻኑም ያልተበላሸ ነገር ሲፈታ ይውላል። ያለው አማራጭ እስከ ሃያ ሩጫ ሄዶ የ0.22 በመቶውን ወሰን መጠቀም ነው። ለትልቅ ዲያሜትር ቆጣሪ ግን ትልቅ የኳስ ፕሮቨር፣ ወይም በትንሹ ፕሮቨር የተፈተነ ተርባይን ማስተር ሜትር (ማወዳደሪያ ቆጣሪ) አድርጎ በረጅም ሩጫ ማወዳደር ይሻላል። ሁለተኛው መንገድ አንድ የስህተት ደረጃ ይጨምራል፤ ማስተር ሜትሩም በዚያው ነዳጅ፣ በዚያው ፍሰትና በዚያው ሙቀት ካልተፈተነ ትርጉም የለውም።

ሲረከቡ የሚጠየቅ

የውሃ ልኬቱ የምስክር ወረቀት የሁለቱንም ወገን መጠን፣ የተለካበትን መነሻ ሙቀትና ግፊት፣ የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት፣ የግድግዳ ውፍረትና የብረት ዓይነት መያዝ አለበት፤ እነዚህ ከሌሉ የእርማት ስሌቱ አይሠራም። የልኬት ዕቃዎቹ ከብሔራዊ የልኬት ተቋም ጋር የሚያያዝ የራሳቸው ወረቀት ይኑራቸው። ሦስት ተከታታይ የውሃ ልኬቶች በ0.02 በመቶ ውስጥ መግጠማቸውን፣ ከእነሱም ቢያንስ አንዱ በተለየ የፍሰት መጠን መወሰዱን ይመልከቱ፤ በተመሳሳይ ፍሰት ብቻ የተሠራ ልኬት ማፍሰስን ይደብቃል። በተጎታች ላይ ለሚንገላታ ፕሮቨር ይህን በየዓመቱ መድገም ብክነት አይደለም። ከመሣሪያው ጋር አንድ ሙሉ የፒስተንና የፖፔት ሲል፣ አንድ ተለዋጭ ዲቴክተር፣ የሲል ሙከራ ኪቱንና ሁለት የተፈተኑ ቴርሞሜትሮችን አብሮ ማዘዝ ያዋጣል፤ ሲሉ የሚያልቀው የርክክቡ መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ በሚጠብቅበት ሌሊት ነውና።